ስምንተኛዋ ጥይት

የተኳሾች ክበቡ ኃላፊ ሮስኮ ታንዲ የሞተው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የወሩ ውድድር በሦስት ሰዓት ሊጀመር ነበርና መርማሪ ኔልዳ ራስክ ካርቨር ፍላት የሽጉጥ ተኳሾች ክበብ ስትደርስ አርባ ያህል ሰው ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንደታጠቀ ከመኪናው ጎን ቆሞ ዶናት ይበላ ነበር። ጥርስ ሐኪሟ አለች፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሾፌር አለ፣ ፓስተሩም ከነሚስቱ አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራ የለም። ዶናቱ ግን እያለቀ ነው።

ምክትል ሸሪፍ ኖልስ የጥይት መሥሪያዋ ጎጆ በር ላይ ቆሞ ሰው ያግዳል። ጎጆዋ ተኳሾቹ የተተኮሰ ቀለህ ሰብስበው እንደገና ባሩድ የሚሞሉባት ጠባብ የእንጨት ቤት ናት።

"ማን አገኘው?" አለች ኔልዳ።

"አሰልጣኝ።"

ካርቨር ፍላት ውስጥ አሰልጣኝ ከተባለ ሃርላን ፍሬይ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ለከተማው ልጅ ሁሉ የሽጉጥ አያያዝ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ኔልዳንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ። አሁን የሜዳ ተቆጣጣሪነታቸውን ቀይ ሰደርያ እንደለበሱ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። የወረቀት ኩባያው ውስጥ ያለው ቡና ቀዝቅዟል።

"ምን ተፈጠረ አሰልጣኝ?"

"መኪናዬ አልነሳ ብሎኝ አርፍጄ ነው የመጣሁት ልጄ። ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ሮስኮ፣ ሮስኮ ብዬ ተጣራሁ።" ኩባያውን ደረጃው ላይ አስቀመጡት።

"የነኩት ነገር አለ?"

"አንገቱን ብቻ። ትንፋሽ ይኖረው እንደሆን ብዬ።"

ኔልዳ ትከሻቸውን ነካ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ሮስኮ ከወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋሎ ወድቋል። አንዲት ጥይት ደረቱን መትታዋለች። ጠረጴዛው ላይ የጽዳት ዘይት፣ ጨርቅና የራሱ ጥቁር ሽጉጥ አሉ። የሽጉጡ ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ተቆልፏል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ አፈሙዙም ወደ ግድግዳ ዞሯል። የጥይት ካዝናው ወጥቶ ከጎኑ ተቀምጧል። ጓንቷን አጥልቃ ቆጠረች። ስድስት ጥይት። አንድ የተተኮሰ ቀለህ ደግሞ ከወለሉ አነሳች። ቀለሁ የብር መልክ አለው፤ ቂጡ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ክብ ተሠርቶበታል። ሮስኮ ለመታጠቂያ የሚይዛቸው ጥይቶች ከልምምዶቹ እንዳይቀላቀሉበት እንዲህ ምልክት እንደሚያደርግ ክበቡ በሙሉ ያውቃል።

ማስታወሻዋ ላይ "ሽጉጡ ተራግፏል" ብላ ጻፈችና ወደ ሬሳው ዞረች።

ሸሪፍ ብሪግስ ከኋላዋ ገባ። ሰውዬው ነገር ሲንዛዛ አይወድም፤ በተለይ ቅዳሜ።

"ነገሩ ግልጽ ነው ኔልዳ። ሊያጸዳው ተቀመጠ። ይህ ሽጉጥ እንዲፈታታ መጀመሪያ ቃታው መሳብ አለበት። ባዶ ነው ብሎ ሳበ።"

"ሮስኮ ሳያይ ቃታ አይስብም።"

"ሮስኮ አርባ ሰው ሊመጣበት ነው፣ እንቅልፍ አልጠገበም፣ ልጁ ሼልቢ ደግሞ አራግፌዋለሁ ብላ ሰጥታዋለች። አመናት።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሼልቢ ሽጉጥ ጥገና ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወደ ሥራ ስትሄድ የእሱን ነው የታጠቀችው። ትናንት መለሰችለት። መጀመሪያ ብረቱን ሳበች፣ አንዷ ወጣች። ካዝናው ግን ገና ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛዋ ገብታ ተቀባበለች። ከዚያ ካዝናውን አወጣችና ባዶ ነው አለች። ይህን ስሕተት ስንት ሰው ሲሠራው አይተናል?"

ኔልዳም ብዙ ሰው ሲሠራው አይታለች። ከተማው ውስጥ የብዙ ሰው ሳሎን ጣሪያ ላይ ያለችው ቀዳዳ የመጣችው በዚሁ መንገድ ነው።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ፣ ጥይቷ ከቅርብ እንደተተኮሰች፣ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ግን ሸሚዙ ተመርምሮ ውጤቱ በሦስት ሳምንት እንደሚመጣ ተናገረ።

"ሦስት ሳምንት አልጠብቅም" አለ ሸሪፉ። "ማክሰኞ ጠዋት አደጋ ነው ብዬ እፈርማለሁ።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሮስኮ እኅት ዶሪን በሩን ከፈተችላት። ሰፊ፣ ቆፍጣና ሴት ናት፤ እንግዳን ከበር ላይ ከላይ እስከ ታች ሳታይ አታስገባም።

"ከመግባትሽ በፊት የታጠቅሽውን መኪናሽ ውስጥ ቆልፊው" አለች። "እዚህ ቤት የነበረውን አምስት ሽጉጥና ሁለት ጠመንጃ ትናንት አውጥቼ ባሌ ዘንድ ልኬዋለሁ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።"

ኔልዳ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ሽጉጧን ቆለፈችበት።

ሼልቢ ኩሽና ውስጥ ከቀዘቀዘ የማካሮኒ ሳህን ፊት ተቀምጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሁለት እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀብራለች።

"እኔ ነኝ" አለች፣ ኔልዳ ገና ወንበር ሳትስብ። "ጻፊው። እኔ ነኝ የገደልኩት።"

"የምጽፈውን እኔ ልወስን። መጀመሪያ ዓርብ ያደረግሽውን ንገሪኝ።"

"ከሥራ መጣሁ። ደክሞኝ ነበር። አራገፍኩትና ቦርሳው ውስጥ አስቀመጥኩለት።"

"እንዴት ነው ያራገፍሽው?"

"እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ካዝና፣ ብረት፣ ዓይን፣ ጣት።"

የአሰልጣኝ ትምህርት ናት። ካዝናውን አውጣ፣ ብረቱን ሳብ፣ በዓይንህ እይ፣ በጣትህ ዳብስ። ካርቨር ፍላት ውስጥ ልጆች ይህችን ከመዝሙር ቀድመው ያውቋታል።

"ታዲያ በቅደም ተከተሉ ከሆነ፣ ምኑን ነው የተሳሳትሽው?"

"በቅደም ተከተሉ ይመስለኝ ነበራ! አባቴ ግን ሞቷል። ስለዚህ አላደረግኩትም ማለት ነው።" ዓይኖቿ ደረቅ ናቸው፤ ደረቅነታቸው ኔልዳን አስፈራት። "አሰልጣኝ ዛሬ ጠዋት መጥተው አብረውኝ ተቀምጠው ነበር። ማንም ሰው ላይ ይደርሳል ልጄ፣ ራስሽን አታሠቃዪ፣ እኔ አልፈርድብሽም አሉኝ። እጄን ይዘው አለቀሱ።"

"ከብረቱ የወጣችውን ጥይት ምን አደረግሻት?"

"ካዝናው ውስጥ መለስኳት። ስምንተኛዋ ጠንካራ ናት፣ አትገባም፤ ሁልጊዜ አውራ ጣቴን ትልጠኛለች።" እጇን ከጭኖቿ መሃል አወጣች። የቀኝ አውራ ጣቷ ጫፍ ተልጧል፤ ጥፍሯም ሥር ደም ቋጥሯል።

ኔልዳ ጣቷን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

"ስምንት መሆናቸውን ታውቂያለሽ?"

"ሰባት ቢሆኑ ኖሮ ጣቴ አይላጥም ነበር።"

መውጫው ላይ ዶሪን ክንዷን ያዘቻት። "ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚመጣ ወረቀት ለዚች ልጅ ምን ያደርግላታል?" አለች። "እኔ ሳልተኛ ስንት ቀን ልጠብቃት?"

ኔልዳ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ሂሳቡን ደጋገመችው። ልጅቷ እውነቷን ከሆነ ካዝናው ውስጥ ስምንት ነበሩ፣ ሽጉጡም ባዶ ነበር። ስድስት ተገኙ። አንዷ ሮስኮን ገደለች። አንዷ ደግሞ የለችም። ሼልቢ ሸሪፉ እንዳለው ተሳስታ ቢሆን እንኳን ካዝናው ውስጥ ሰባት መገኘት ነበረባቸው። በየትኛውም መንገድ ብትደምረው አንዷ ትጎድላለች። ማስታወሻዋን አውጥታ ጻፈች፦ ስምንተኛዋ የት ናት?

ሸሪፉ ስልክ ላይ ሳቀ። "ጥይት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ይሞታል፣ አንቺ አንድ ጥይት ጎደለኝ ትያለሽ።"

"አረንጓዴ ክብ ያለባት ነው የጎደለችኝ።"

"እስከ ማክሰኞ ፈልጊያት እንግዲህ።"

ሮስኮን የሚጠላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ዳርል ኬትል። ባለፈው ወር ውድድር መሃል ሽጉጡን እንደያዘ ወደ ተመልካቹ ዞረ፤ ሮስኮም በሰው ሁሉ ፊት ከሜዳ አባረረው። ዳርል ሲወጣ "ትከፍላታለህ!" ብሎ መጮኹን ቢያንስ ሠላሳ ሰው ሰምቷል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ፓስተሩ የዳርልን መኪና ከክበቡ ኋላ ካለው የከብት መንገድ ስትወጣ አይቷታል።

ሰኞ ማለዳ ኔልዳ የዳርል ጎማ ቤት ሄደች። ሰውዬው ግማሽ አካሉ መኪና ሥር ነው።

"አልገደልኩትም" አለ ከሥሩ ሆኖ።

"ገና መቼ ጠየቅኩህ?"

"እናቴ ሳትቀር ጠይቃኛለች።" ተንሸራቶ ወጣ። ፊቱ ግራሶ በግራሶ ነው። "እዚያ ነበርኩ። ደስ አለሽ? ጥይት ከሚያስቆመው የአፈር ክምር ሥር ቀለህ እየለቀምኩ ነበር።"

"ከሜዳው ተባረህ ቀለህ ልትሰርቅ?"

"መስረቅ አትበይው! ግማሹ እኮ የራሴ ቀለህ ነው፤ እኔው የተኮስኩት!"

"ስንት ሰዓት?"

"አንድ ሰዓት ከሃያ ገደማ አንድ ተኩስ ሰማሁ። ሮስኮና አሰልጣኝ ሽጉጥ እየሞከሩ ነው ብዬ፣ ሳያዩኝ ባልዲዬን ይዤ ሮጥኩ።"

"አሰልጣኝን አየሃቸው?"

"ማየት ምን ያስፈልገኛል? ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ነው የሚከፍቱት። ሃያ ዓመት ሙሉ አብረው ነው የከፈቱት።"

"ቅዳሜ ግን መኪናቸው አልነሳ ብሎ አርፍደው ነበር።"

ዳርል እጁን በጨርቅ እየጠረገ በንቀት አፍንጫውን ነፋ። "ሰዎች ሥራዬን የሚያጣጥሉት እንዲህ እያሉ ነው። ረቡዕ ዕለት አዲስ ባትሪ የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ! ያ መኪና በበረዶ ውስጥ ቢያድር በአንድ ንክኪ ነው የሚነሳው።"

ኔልዳ ለጊዜው ይህን እንደ ባለሙያ ጉራ ነው የቆጠረችው። የያዘችው ሌላ ነገር ነበርና። ሮስኮ የቀለህ ሌባውን ለመያዝ ከአፈር ክምሩ በላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያልፍ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ የአጋዘን አዳኞች ካሜራ ሰቅሎ ነበር። ከዳርል ተለይታ እዚያ ሄደች፤ ካርዱን አውጥታ አየችው። አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ የዳርል ኬትል ቂጥ መላውን ፎቶ ሞልቶታል። አንድ ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ ጎንበስ እንዳለ አንገቱን ወደ ጎጆዋ አዙሯል፤ አፉ ተከፍቷል። አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ባልዲውን ታቅፎ ይሮጣል። ጎጆዋ ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር ትርቃለች። ሌባውን ለማጋለጥ የተሰቀለው ካሜራ ሌባውን ከነፍስ ግድያ ነጻ አወጣው።

ኔልዳ መሳቅ ፈልጋ ሳቁ አልመጣላትም። ቀኑ ሰኞ ነው። የቀራት አንድ ቀን ነው፤ በእጇ ያለው ደግሞ የአንዲት ልጅ የተላጠ አውራ ጣት ብቻ ነው።

ጣቢያ ስትደርስ ኖልስ ሪፖርቱን በሁለት ጣቱ ይተይባል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው። "ሽጉጡን ስታራግፈው ምን አገኘህ? ውስጡ ሌላ ጥይት ነበረበት?"

"የትኛውን ሽጉጥ?"

"የሮስኮን ነዋ!"

ኖልስ ከመተየቢያው ቀና አለ። "እኔ አልነካሁትም።"

"ተከፍቶ፣ ካዝናው ወጥቶ ነበር እኮ።"

"ስገባም እንደዚያው ነበር። አምቡላንሶቹ ናቸው ብዬ ነው።"

ስልኩን አነሳች። የአምቡላንሱ ሠራተኛ ድምፁ የእንቅልፍ ነው። "እኛማ ከሰውዬው አላለፍንም። ወደ ጠረጴዛው ዞር ስል አሰልጣኝ ከበሩ ላይ ሆነው 'ተዉት፣ ባዶ ነው' አሉኝ። እሳቸው ካሉ አለቀ ብዬ ተውኩት።"

ኔልዳ ስልኩን ዘጋችና ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ኖራለች። የመጀመሪያውን ቀን ማስታወሻዋን ገልጣ የራሷን ጽሑፍ አነበበች። ሽጉጡ ተራግፏል። ማን ነው ያራገፈው ብላ አልጠየቀችም። ኖልስም አልጠየቀም፣ ሸሪፉም አልጠየቀም። በዚህ አገር ክፍት ሽጉጥ ማየት የተጠረገ ጫማ እንደማየት ነው፤ ማን ጠረገው ተብሎ አይጠየቅም። ከውጭ አገር የመጣ አንድ ጀማሪ ፖሊስ ቢሆን ኖሮ ገና በሩ ላይ ሆኖ ይጠይቅ ነበር።

"ኖልስ" አለች፣ "ደረቱን የተመታ ሰው ሽጉጡን አራግፎ፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ካዝናውን ከጎኑ አስተካክሎ ከዚያ በኋላ ይሞታል?"

ኖልስ መተየቢያውን ገፋ አደረገው። "ኧረ በጌታ" አለ።

"ከተኩሱ በኋላ እዚያ ሌላ ሰው ነበረ። ገድሎም ቢሆን ሽጉጥ ሳያራግፍ ማስቀመጥ የማይችል ሰው።"

የዳርል ጉራ ያን ጊዜ ትዝ አላት። አዲሱ ባትሪ። አዲስ ባትሪ ያለው መኪና አልነሳ አይልም። ሌላ ሰው እንዲሆንላት ከልቧ ተመኘች፤ ምኞቷን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትታ ኖልስን አስከትላ ወጣች።

ቀዩ ሰደርያ ክበቡ ውስጥ ከምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ኔልዳ ገና ልጅ ሳለች አሰልጣኝ አንድ ነገር ያስተምሩ ነበር። ከሽጉጥ ያወጣሃትን ጥይት ጠረጴዛ ላይ አትተዋት፣ ተንከባልላ ትጠፋለች፤ ግራ ኪስህ ክተታት ይሉ ነበር። ይህን ሲሉ የራሳቸውን ግራ ኪስ መታ መታ ያደርጉ ነበር።

"ተመልከትልኝ" አለችው ኖልስን፤ ጓንቷን አጥልቃ እጇን ወደ ግራው ኪስ ሰደደች።

እርሳስ አገኘች። የከረሜላ ወረቀት አገኘች። ከሥር ደግሞ አንዲት ያልተተኮሰች፣ የብር መልክ ያላት ጥይት። ቂጧ ላይ አረንጓዴ ክብ አለባት።

አሰልጣኝ ከቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከኋላቸው ፀሐይ ሜዳውን አንድዳዋለች። ኔልዳን ሲያዩ ቀና አሉ፤ ኖልስ መኪናው ጋር መቅረቱን ሲያዩ ደግሞ ነገሩ ገባቸው።

"ታጥቀዋል አሰልጣኝ?"

"መቼ ሳልታጠቅ አግኝተሽኝ ታውቂያለሽ?"

"እንደሱ ከሆነ ያራግፉና ይስጡኝ። ቀስ ብለው።"

የኔልዳ እጅ ወገቧ ላይ ነው። እኚህን ሰው ልተኩስባቸው እችላለሁ ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱን ማወቅ አልፈለገችም። አሰልጣኝ ሽጉጣቸውን በሁለት ጣት ከማኅደሩ አወጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከላይ እስከ ታች፣ መደበቅ እስከማይቻል ድረስ።

"ካዝና" አሉ፣ አወጡት። "ብረት።" ሳቡት፣ አንዲት ጥይት ወጥታ በረንዳው ላይ ተንከባለለች። ዓይናቸውን አጥብበው ወደ ውስጥ አዩ፤ ማየታቸውን ግን ያመኑ አይመስሉም። ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን ከትተው ዳበሱ። "ጣት" አሉ በቀስታ፤ ሽጉጡን ክፍት እንደሆነ ሰጧት።

ኔልዳ ጥይቷን በፕላስቲክ ከረጢት እንዳለች የበረንዳው መደገፊያ ላይ አስቀመጠቻት።

"ግራ ኪስዎ ውስጥ ነበረች።"

አሰልጣኝ ወደ ከረጢቱ ጎንበስ ብለው አዩዋት። "እዚያ ነው እንዴ የከተትኳት?" አሉ። የምራቸውን ነው የተገረሙት። "ሦስት ቀን ሙሉ የት ተንከባልላ ይሆን እያልኩ ያንን ወለል በሐሳቤ ስጠርገው ከረምኩ።"

"ይንገሩኝ።"

"ሮስኮ እጄን አይቶ ነበር። ዓይኔንም ጠርጥሯል። ቅዳሜ ገና በር ሳንከፍት፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰደርያውን ለሌላ ሰው ይስጡ አለኝ። በደግ ቃል ነው ያለኝ፤ ደግነቱ ነው ያቃጠለኝ። እስቲ ፈትነኝ አልኩት። ባዶ ሽጉጥ ሊሰጠኝ ነበር። ከነጥይቱ ካልሆነማ ምኑን ፈተና ሆነ ብዬ እኔው ጮኽኩበት። የራሱን አቀባብሎ ሰጠኝ።" ሽጉጥ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። "እንደ ውድድር ትእዛዝ ሰጠኝ። 'ጥይቱን አውርድና አሳይ!' አለ። ብረቱን ሳብኩ። ከዚያ ካዝናውን አወጣሁ።"

"ገልብጠው።"

"ገልብጬ። አርባ ዓመት ሕፃናት ላይ የጮኽኩበትን። ጥይቷ ወደቀች፤ ስትወድቅ ሰምቼ አራገፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ወደ ውስጥ አየሁ፤ ጥቁር ነው። ባዶ መሰለኝ። በጣቴ አልዳበስኩም፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ እንዳያይብኝ። ሮስኮ 'ባዶ ከሆነ ቃታ ሳብ!' አለ። ጎጆዋ ጠባብ ናት፤ አፈሙዙ መቼ ወደ እሱ እንደዞረ አላወቅኩም። ሳብኩ።"

ኔልዳ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በትክክል አራገፍኩት" አሉ አሰልጣኝ። "መጀመሪያ እሱን ነው ያደረግኩት። ወደ ሮስኮ ከመሄዴ በፊት። ይታይሽ። ከዚያ በኋላ ነው ዘይቱንና ጨርቁን ያወጣሁት፤ ተቀምጬ ቆይቼ ነው የደወልኩት።"

"አደጋ ነበር። እዚያው ቢናገሩ ማንም ሰው ያለቅስልዎ ነበር።"

"ከዚያ በኋላ ማን እሆን ነበር ታዲያ? ይህች ከተማ ከአሰልጣኝ ሌላ ምን ብላ ትጠራኛለች?" እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጫኑ። "በልጅቷ ላይ ግን እኔ አላሳበብኩም። እሷ ናት ያለው ሸሪፉ ነው። እኔ ዝም ነው ያልኩት።"

ኔልዳ እስከዚህ ድረስ ድምፅዋ አልተለወጠም ነበር። አሁን ቆሽቷ አረረ።

"ዝም አላሉም። እሑድ ቤቷ ሄደው ይቅር ብለዋታል። አክስቷ የቤቱን መሣሪያ ሁሉ ለምን እንዳወጣች ያውቃሉ? ልጅቷ ራሷ ላይ እንዳትተኩስ ነው። እርስዎ እጇን ይዘው አልፈርድብሽም አሏት!"

ሽማግሌው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከጣቶቻቸው ሥር የመጣው ድምፅ ለቅሶ ይሁን ሌላ ነገር ኔልዳ አልለየችውም፤ ግድም አልሰጣትም። እንደምትወዳቸው ግን ታውቃለች፤ ያ ነው ያናደዳት።

"ይነሱ" አለች። "ወደ ጣቢያ ከመሄዳችን በፊት አንድ ቦታ እንደርሳለን።"

ዶሪን በሩን ስትከፍት ካቴናውን አየች። አንዴ ኔልዳን፣ አንዴ አሰልጣኝን አየችና ከመንገዱ ገለል አለች።

ሼልቢ አሁንም ኩሽና ውስጥ ናት። ሳህኑ ተቀይሯል፤ ምግቡ እንዳልተነካ ነው። አሰልጣኝ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆሙ። በመንገድ ላይ ብዙ ቃል ሲያዘጋጁ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ኔልዳ በመስታወት አይታለች። አሁን የወጣቸው ግን አጭር ነው።

"ዓርብ ዕለት በትክክል ነው ያራገፍሽው ልጄ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ሼልቢ ነገሩ ወደ ውስጧ እስኪወርድ ድረስ አፋቸውን ታያለች።

"እሑድ እጄን ሲይዙ" አለች መጨረሻ ላይ፣ "ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች፣ ሒሳብ የገባት ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ ወደ ኔልዳ ዞረች። "ስምንት ነበሩ አይደል?"

"ስምንት ነበሩ" አለች ኔልዳ። "ስምንተኛዋን አግኝቻታለሁ።"

ሼልቢ የተላጠ አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ጨበጠችው። ያን ጊዜ ነው ፊቷ የፈረሰው፤ እስከዚያች ሰዓት ጠብ ያላለው እንባ ተዘረገፈ። "አባዬ" አለች፣ "አባዬ!" ዶሪን ከበሩ ሮጣ አቀፈቻት። ከቅዳሜ ጀምሮ በራሷ ላይ ስትፈርድ አባቷን ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም ነበር።

ኔልዳ አሰልጣኝን በክርናቸው ይዛ አወጣቻቸው። ሽማግሌው ዞረው ማየት ፈለጉ፤ አልፈቀደችላቸውም።